የኮሌጅ ጋርድ ኤንቢኤ ይደርሳል? ራሳችሁ የምትመዝኑበት መንገድ

በ2018 ድራፍት (የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ የኤንቢኤ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) ዳላስ በ33ኛው ምርጫ ጄለን ብራንሰንን ወሰደ። በ2019 በዚያው በ33ኛው ቁጥር የተጠራው ካርሰን ኤድዋርድስ ነበር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱም ቁመታቸው አጠር ያለ ጋርዶች (ኳስ እያነጠሩ ጨዋታ የሚመሩ ተጫዋቾች) ናቸው። ሁለቱም ኮሌጅ ሦስት ዓመት ተጫውተዋል። በመጨረሻ ዓመታቸው ኤድዋርድስ ለፐርዱ በጨዋታ በአማካይ 24.3 ነጥብ ሲያስቆጥር፣ ብራንሰን ለቪላኖቫ 18.9 ነበር ያስቆጠረው። ኤድዋርድስ በመጋቢቱ የኮሌጆች ብሔራዊ ውድድር በአራት ጨዋታ 28 ባለ ሦስት ነጥብ አስገብቶ የውድድሩን ሪከርድ ሰብሯል። ያን ሰሞን ወሬው ሁሉ ስለ እሱ ነበር።

ዛሬ ብራንሰን የኒው ዮርክ ኒክስ ካፒቴን ነው። ኤድዋርድስ ግን ኤንቢኤ ላይ መቆየት አልቻለም፤ እንጀራውን አውሮፓ አገኘ።

ልዩነቱ ከድራፍቱ በፊትም ላየው ሰው ይታይ ነበር። ብራንሰን ከወረወረው 52 በመቶውን ያስገባ ነበር፤ ኤድዋርድስ 40 በመቶ አልሞላም። ብራንሰን በጨዋታ 4.6 አሲስት (ጓደኛው ያስቆጠረበት ማቀበል) ሰጥቶ 1.8 ኳስ ብቻ ነበር የሚያባክነው። ጋርድ ኮሌጅ ሲጨርስ ነጥቡን እዚያው ትቶት ነው የሚሄደው። ይዞት የሚሄደው ውርወራውን፣ ውሳኔውንና አካሉን ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ይሄ ልጅ እዚህ የሚያደርገው ነገር እዚያም ይሠራለታል?

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ቁጥሮቹን ስፖርትስ ሪፈረንስ የኮሌጅ ገጽ ላይ በነፃ ታገኛላችሁ።

1. መጀመሪያ የልደት ቀኑን ፈልጉ

አንድ ተጫዋች ለድራፍት ለመቅረብ በዚያ ዓመት ውስጥ 19 ዓመት መሙላት አለበት። አሜሪካ የተማረ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ ቢያንስ አንድ የውድድር ዘመን ማለፍ ይኖርበታል። ስለዚህ የምትገመግሙት ልጅ 18 ዓመቱ ሊሆን ይችላል፣ 23ም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም 15 ነጥብ ቢያስቆጥሩ እኩል አይደሉም። ትልቁ ልጅ ጉልበቱን የሚያሳየው በአራት ዓመት በሚያንሱት ላይ ነው።

ዴቪን ቡከርን አስታውሱ። በ2014-15 ኬንታኪ ውስጥ ተቀያሪ ነበር፤ በጨዋታ 10 ነጥብ ብቻ። በድራፍቱ ምሽት ገና 18 ዓመቱ ነበር። ፊኒክስ በ13ኛው ምርጫ ወሰደው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ።

በሌላ በኩል ዴሚያን ሊላርድ ዌበር ስቴት የሚባል ብዙም የማይወራለት ኮሌጅ ውስጥ አራት ዓመት ቆይቶ በ2012 6ኛ ተመረጠ። በዚያው የመጀመሪያ ዓመቱ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ። በዕድሜ ገፋ ያለውን ልጅ ገና ለገና አትጣሉት። ከእሱ ግን ብዙ ጠይቁ። የ22 ዓመት ጋርድ ኮሌጅ ላይ ጎልቶ መታየት ብቻ ሳይሆን ሜዳውን መግዛት አለበት።

2. ነጥቡን በወረወረው ልክ አስሉት

ስንት አስቆጠረ ከሚለው ይልቅ ስንት ጊዜ ሞክሮ አስቆጠረ የሚለው ይበልጣል። ለዚህ "ትሩ ሹቲንግ" የሚባል ስሌት አለ። ገጹ ላይ ተሠርቶ ይቀርባል፤ አንድ ጊዜ ግን በእጃችሁ ሥሩት። ነገሩ ያኔ ይገባችኋል።

የፍሪ ትሮ (በጥፋት የሚሰጥ ነፃ ውርወራ) ሙከራውን በ0.44 አባዙ። የሜዳ ውርወራ ሙከራውን ደምሩበት። ድምሩን እጥፍ አድርጉት። ከዚያ ነጥቡን ለዚህ አካፍሉት።

ሁለት ጋርዶች 18፣ 18 ነጥብ አስቆጠሩ እንበል። አንደኛው 13 ጊዜ ወርውሮ 6 ፍሪ ትሮ ሞክሯል። ስድስት በ0.44 ሲባዛ 2.64 ነው፤ 13 ሲደመርበት 15.64፣ እጥፉ 31.28። 18 ለዚህ ሲካፈል 57.5 በመቶ ይመጣል። ሁለተኛው 17 ጊዜ ወርውሮ 2 ፍሪ ትሮ ብቻ ነው የሞከረው። የእሱ 50.3 በመቶ ነው። ጋዜጣ ላይ ሁለቱም "18 ነጥብ አስቆጠረ" ተብሎ ነው የሚጻፍላቸው። ሁለተኛው ግን ቡድኑን እያስከፈለ ነው የሚጫወተው።

እኔ 57ን እንደ መስመር እይዛለሁ። ከዚያ በታች ከሆነ ምክንያቱን እፈልጋለሁ። ቡድኑ ውስጥ ሌላ የሚያስቆጥር የለም? ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ኳሱ ሁሌ እሱ እጅ ላይ ነው የሚቀረው? እንደዚያ ከሆነ ይቅር እንለዋለን። በራሱ ምርጫ መጥፎ ውርወራ የሚወረውር ከሆነ ግን ያ ልማድ ነው፣ ልማድ ደግሞ ቶሎ አይለቅም።

ቀጥሎ አሲስትና ያባከነውን ኳስ ጎን ለጎን ጻፉ። ለዋና ኳስ አቀባይ ሁለት አሲስት ለአንድ የባከነ ኳስ ዝቅተኛው ነው። ከዚያ በታች የሆነ አጭር ጋርድ በጣም ያሳስበኛል። ምክንያቱም ኤንቢኤ ላይ ኳሱን ለእሱ የሚሰጥበት ሌላ ምክንያት ማግኘት ይከብዳል።

3. ከባለ ሦስት ነጥቡ በፊት ፍሪ ትሮውን እዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። "40 በመቶ ከሦስት ነጥብ" የሚለው ቁጥር ዓይን ይስባል። ግን አስቡት። አንድ ጋርድ በዓመት 150 ባለ ሦስት ነጥብ ቢሞክር፣ 40 በመቶ ማለት 60 አስገባ ማለት ነው፤ 36 በመቶ ማለት 54 ነው። ልዩነቱ በአንድ ሙሉ ዓመት ስድስት ኳስ ነው። ስድስት ኳስ በዕድልም ይገባል።

ፍሪ ትሮ ግን ሁሌ ከአንድ ቦታ፣ ያለ ተከላካይ የሚወረወር ነው። የእጁን እውነት ያወጣዋል። ሎንዞ ቦል በዩሲኤልኤ ከሦስት ነጥብ 41.2 በመቶ ነበር፤ ፍሪ ትሮው ግን 67.3። ሎስ አንጀለስ ሌከርስ በ2017 2ኛ መረጠው። በመጀመሪያ ዓመቱ ከሦስት ነጥብ ወደ 30.5 ወረደ፣ ፍሪ ትሮው 45.1 ሆነ። ታይሪስ ማክሲ የተገላቢጦሽ ነው። ኬንታኪ ሳለ ከሦስት ነጥብ 29.2 በመቶ ብቻ ነበር፣ ፍሪ ትሮው ግን 83.3። በ2020 እስከ 21ኛ ድረስ ወርዶ ፊላደልፊያ አገኘው። በሁለተኛ ዓመቱ ከሦስት ነጥብ ከ42 በመቶ በላይ ያስገባ ነበር።

ፍሪ ትሮ የሚነግራችሁ ልጁ ዛሬ ያለበትን ነው። ቦል ራሱ ውርወራውን አፍርሶ እንደገና ሠርቶ በኋላ ጥሩ ወርዋሪ ሆኗል። ግን ዓመታት ፈጅቶበታል። ከ75 በታች የሆነ ጋርድ ሲገጥማችሁ "ይሻሻል ይሆናል" በሉ፤ "ይወረውራል" አትበሉ።

ከዚያ በኋላ ከየት እንደሚወረውር ተመልከቱ። የኮሌጁ የሦስት ነጥብ መስመር 6.75 ሜትር ላይ ነው። የኤንቢኤው ከፊት ለፊት 7.24 ሜትር፣ ማዕዘን ላይ 6.71 ሜትር ነው። ማዕዘን ላይ ቆሞ የሚወረውር ልጅ ምንም አይቀየርበትም ማለት ይቻላል። ኳስ እያነጠረ መጥቶ ከፊት ለፊት የሚወረውር ግን ግማሽ ሜትር ያህል ይጨመርበታል። እግሩ መስመሩን ነክቶ ነው የሚወረውረው ወይስ አንድ እርምጃ ወደኋላ ሆኖ? ይሄንን ቁጥር አይነግራችሁም፤ ማየት ነው።

ደግሞ በአወራወሩ መልክ አትፍረዱ። ታይሪስ ሃሊበርተን አወራወሩ ለዓይን አይጥምም ተብሎ ብዙ ተተችቷል። አይዋ ስቴት ላይ በመጨረሻ ዓመቱ ፍሪ ትሮው ከ80 በመቶ በላይ ነበር። ኳሱ ይገባ ነበር። 12ኛ ተመረጠ፤ ከሱ በፊት የመረጡት ብዙዎቹ ዛሬ ይቆጫቸዋል።

4. ከማን ጋር እንደተጫወተ ለዩ

የዓመቱን አማካይ ለሁለት ክፈሉት፦ ከጠንካራ ቡድኖች ጋር ያደረገውንና ከተቀሩት ጋር ያደረገውን። ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ መጫወት ወንጀል አይደለም። ስቴፈን ከሪ ከዴቪድሰን፣ ጃ ሞራንት ከመሪ ስቴት ነው የመጣው። ጥያቄው ትልቁ ቡድን ፊት ሲቆም ምን ሆነ የሚለው ነው። ከሪ በ2008 መጋቢት ጎንዛጋ ላይ 40፣ ጆርጅታውን ላይ 30፣ ዊስኮንሲን ላይ 33 አስቆጠረ። በካንሳስ 59 ለ57 ሲሸነፉም 25 ነበረው። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ የጆርጅታውን ደጋፊዎች ያቺን ቀን የምትረሷት አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ ከሪ ይህንን ያደረገው ዓመቱን ሙሉ ያደርግ የነበረውን ነው። ዓመቱን ሙሉ 35 በመቶ ሲያስገባ የነበረ ልጅ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢፈነዳ፣ ዓመቱን እመኑ።

5. ጨዋታውን ተቀምጣችሁ እዩ፤ ኳሱን ሳይሆን ልጁን

አዲስ አበባ ላላችሁ ይሄ ማለት ሌሊት 8 እና 9 ሰዓት መንቃት ነው፤ ቅጂውን በማግስቱ ማየትም ይቻላል። ቅንጭብጭቡን ብቻ አትዩ። ቅንጭብጭብ ላይ ማንም አይስትም። ሙሉ አራት ጨዋታ ምረጡ፦ ጥሩ የሆነበት፣ መጥፎ የሆነበት፣ በመከላከል ከሚታወቅ ቡድን ጋር የገጠመበትና በዓመቱ መጨረሻ አካባቢ የተደረገ። ከአራቱ ብዙ የምትማሩት ከመጥፎው ነው።

የመጀመሪያ ሥራችሁ ፒክ ኤንድ ሮሉ ነው። የኤንቢኤ ጋርድ የቀን እንጀራው ይሄ ነው። አንዱን አጋጣሚ ቀስ አድርገን እንየው። ረጅሙ የቡድን ጓደኛው መጥቶ ለተከላካዩ ግድግዳ ይሆንበታል። ልጁ በግድግዳው በኩል ያልፋል። አሁን አቁሙት። ተከላካዩ ከኋላው ቀርቷል፣ የተጋጣሚው ረጅም ልጅ ደግሞ ቅርጫቱ ስር ወደኋላ አፈግፍጎ እየጠበቀው ነው። ጥሩ ጋርድ እዚህ ጋ አይቸኩልም። ፍጥነቱን ቀንሶ ከኋላ የቀረውን ተከላካይ በጀርባው ይይዘዋል። ያ ሰው ከእንግዲህ መከላከል አይችልም፤ ሁለት ለአንድ ሆነዋል። ረጅሙ ወደ እሱ ከወጣ ኳሱን ከስር ለጓደኛው ያሾልካል። ካልወጣ ከአራት ሜትር ገደማ ከፍ አድርጎ ይወረውራል። ከወዲያኛው ማዕዘን ሌላ ተከላካይ ለማገዝ ሁለት እርምጃ ከገባ ደግሞ ኳሱ ሜዳውን አቋርጦ ማዕዘን ላይ ለቆመው ልጅ ይደርሳል።

እነዚህን ሦስት ምርጫዎች ወረቀታችሁ ላይ ጻፉና ትክክለኛውን ስንት ጊዜ እንደመረጠ ምልክት አድርጉ። ገባ አልገባ አይቆጠር። ትክክለኛ ውሳኔ ሆኖ የሳተ ውርወራ ለእሱ ነው የሚቆጠረው። ሁለት ሰው ዘሎ ሲይዘው ምን እንደሚያደርግም እዩ። ወደኋላ ያነጥራል ወይስ ይደነግጣል? በግራ እጁ ሲሄድስ? ሁሌ በቀኝ በኩል የሚጨርስ ልጅ ከሆነ ኤንቢኤ በሦስተኛው ጨዋታ ያውቅበታል።

ብራንሰንን ቪላኖቫ ላይ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ቅርጫቱ አጠገብ ሲደርስ በሁለት እግሩ ይቆማል። ከዚያ በአንድ እግሩ እየዞረ ተከላካዩ እስኪዘል ይጠብቀዋል። ፈጣን አይደለም፣ ዘላይም አይደለም። የአሰልጣኝ ጄይ ራይት ልጆች ሁሉ ይሄንን አቋቋም ይማሩ ነበር። እንዲህ ያለው ብልሃት ከቁመት ጋር አይገናኝም፤ ስለዚህ የትም ይዞት ይሄዳል።

ቀጥሎ ኳሱ እሱ እጅ ላይ በሌለበት ጊዜ ብቻ እዩት። አሥር ደቂቃ ይበቃል። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቆማል? ወይስ ቦታ ይቀይራል፣ ለመወርወር ተዘጋጅቶ ይጠብቃል? ኮሌጅ ላይ ንጉሥ የነበረ ጋርድ ኤንቢኤ ሲገባ ኳሱ የሌላ ሰው ነው። ጂመር ፍሬዴት በ2010-11 በጨዋታ 28.9 ነጥብ አስቆጥሮ ከአሜሪካ ኮሌጆች ተጫዋቾች አንደኛ ነበር። ቢዋይዩ ላይ ጨዋታው በሙሉ በእሱ ነበር የሚዞረው። 10ኛ ተመረጠ። ኤንቢኤ ላይ ግን ኳሱን እንደዚያ የሚለቅለት ቡድን አልነበረም፣ በመከላከሉም በኩል ተቸገረ። ብዙም አልቆየም።

የቡድን ጓደኞቹንም አትርሱ። ኮሌጅ ላይ ተከላካይ እንደፈለገው ቅርጫቱ ስር መቆም ይችላል። ኤንቢኤ ላይ የሚጠብቀው ሰው ከሌለ ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆም አይፈቀድለትም። ስለዚህ ኮሌጅ ላይ እየገባ ከሰው ጋር ሲላተም የነበረ ፈጣን ጋርድ፣ ጓደኞቹ መወርወር የማይችሉ ከነበሩ፣ ኤንቢኤ ላይ መንገዱ ሊከፈትለት ይችላል። ራስል ዌስትብሩክ ዩሲኤልኤ ላይ ዋና ኳስ አቀባይ እንኳ አልነበረም። በ2008 4ኛ ተመረጠ። የመረጡት ሰዎች ያዩት ቁጥሩን አይደለም።

6. መከላከሉንና ክንዱን አንድ ላይ መዝኑ

ኤንቢኤ ላይ ደካማ ተከላካይ መደበቂያ የለውም። ተጋጣሚ ሆን ብሎ እየፈለገ፣ ግድግዳ እየሠራ፣ ትልቁን ሰው ከሱ ጋር ያገናኘዋል። ስለዚህ ግድግዳ ሲሠራበት ልጁ እንዴት እንደሚያልፍ እዩ። ትከሻውን አጥብቦ ይሾልካል ወይስ ተጋጭቶ ይቆማል? ስቲሉንም (ከተጋጣሚ የነጠቀውን ኳስ) ጻፉ፤ በጨዋታ ከ1.5 በላይ ከሆነ እጁም ዓይኑም ፈጣን ነው ማለት ነው። ኳስ ለመንጠቅ እየዘለለ ሰውየውን የሚያሳልፍ ከሆነ ግን ቀንሱለት።

ቁመት በሜይ ወር ቺካጎ በሚደረገው የድራፍት ኮምባይን (ለድራፍት የቀረቡ ልጆች የሚለኩበትና የሚፈተኑበት) ያለ ጫማ ይለካል። የኮሌጁ ገጽ ላይ ያለው ቁመት ብዙ ጊዜ ጫማውንም ምኞቱንም ይጨምራል። ከቁመቱ ይልቅ ሁለት ክንዱን ሲዘረጋ ያለውን ስፋት እዩ። ሼይ ጊልጀስ-አሌክሳንደር 1.98 ሜትር ገደማ ነው፤ ክንዱ ግን 2.11 ያልፋል። ዶኖቫን ሚቸል 1.90 አካባቢ ነው፣ ክንዱ 2.08። በወረቀት ላይ ሚቸል አጭር ነው፤ ሜዳ ላይ እንደ ረጅም ነው የሚጫወተው። ክንዱም ቁመቱም አጭር የሆነ ጋርድ ሲሆን፣ ውርወራውና ውሳኔው ከሌላው በጣም መብለጥ አለባቸው። አይዛያ ቶማስ 1.75 ሆኖ በ2011 በመጨረሻው 60ኛ ቁጥር ተመርጦ ኮከብ ሆኗል። አንዱ ስለተሳካለት ግን መንገዱ ሰፊ ነው አትበሉ።

ስለ ዝላይ ቁመት ብዙ አትጨነቁ።

7. ጤናው

እዚህ ላይ ከውጭ የምናየው ትንሽ ነው። ያመለጡትን ጨዋታዎች ቁጠሩ፣ ጉዳቱ የጉልበት፣ የቁርጭምጭሚት ወይስ የጀርባ እንደሆነ መዝግቡ። የሐኪም ሪፖርቱ ያለው ቡድኖቹ እጅ ነው። በድራፍቱ ምሽት አንድ ልጅ ያለ ምክንያት ወደ ታች ሲንሸራተት ካያችሁ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እዚያ ወረቀት ላይ ነው።

8. ፍርዳችሁን በሦስት መስመር ጻፉ

"ጎበዝ ነው" ፍርድ አይደለም። በመጀመሪያው መስመር ሁሉም ነገር ከተሳካለት ምን እንደሚሆን ጻፉ፦ ጨዋታ የሚመራ? በሁለተኛው፣ ሊሆን የሚችለውን፦ ከተቀያሪ ተነስቶ 15 ደቂቃ የሚወረውር? በሦስተኛው፣ ካልተሻሻለ የሚጥለውን አንድ ነገር። አንድ ብቻ። ሦስት ነገር ከጻፋችሁ ገና አልወሰናችሁም።

ከዚያ ቁጥር ስጡት። በመጀመሪያው ዙር ከ30ዎቹ አንዱ ሆኖ የተመረጠ ልጅ የሁለት ዓመት ደመወዙ የተረጋገጠ ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው በቡድኑ ምርጫ ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ ያ ዋስትና የለም። ብዙዎቹ የሚያገኙት ቱ-ዌይ የሚባለውን ውል ነው፤ በጂ ሊግ (የኤንቢኤ ታችኛው ሊግ) እና በዋናው ቡድን መሃል እየተመላለሱ ቢበዛ 50 የኤንቢኤ ጨዋታ። ያልተመረጠም መንገድ አለው። ፍሬድ ቫንቭሊት በ2016 ስሙ ሳይጠራ አድሮ በ2019 ከቶሮንቶ ጋር ዋንጫ አንስቷል። ዊቺታ ስቴት ላይ አራት ዓመት ቆይቶ ኳስ የማያባክን፣ የሚወረውር፣ የሚከላከል ጋርድ ነበር። ሦስቱም ነገሮች አብረውት ሄዱ።

ልጁ ወደ ኮሌጅ የመመለስ ዕድል ካለው ይሄንንም አስገቡበት። ከ2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋች በስሙና በምስሉ ገንዘብ ማግኘት ስለሚችል፣ በሁለተኛው ዙር መጨረሻ የሚጠበቅ ጋርድ መመለሱ ብዙ ጊዜ በገንዘብም ያዋጣዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ "በዚህ ዓመት 50ኛ፣ በሚቀጥለው ዓመት ፍሪ ትሮው 80 ከደረሰ 25ኛ" ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ።

ወረቀቱ ላይ ቀን ጻፉበትና አስቀምጡት። መጀመሪያ የምታወጡት በሐምሌ፣ ላስ ቬጋስ ላይ ሰመር ሊግ (የአዳዲስ ተጫዋቾች መሞከሪያ ውድድር) ሲጀመር ነው። እዚያ ነጥቡን ተዉት። የምታጣሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ከ7.24 ሜትር ሳያመነታ ይወረውራል ወይ፣ ፒክ ኤንድ ሮሉ ላይ ሁለት ሰው ሲይዘው ኳሱ የት ይሄዳል። ዋናው ማጣሪያ ግን ሁለተኛው የውድድር ዘመን ነው፤ ማክሲም ፊላደልፊያ ላይ በደንብ የታየው ያኔ ነበር።